ሴድሮን በነሐሴ

ኦቲሊያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከለችው ነገር ሴድሮን ነው። ከዚያ በፊት እናቷ ግቢ የሚበቅል ነገር ቢኖር በጡቡ ስንጥቅ መሀል የሚወጣ ሣር ነበር፤ እሱንም ዳቦ ገዢ እየረገጠው ዕድሜ አልነበረውም። ቤታቸው ከወንዙ ወደብ በላይ፣ እኛ ሰፈር ነው። እናቷ ዶኛ ካታሊና ከጀርመን ሰፋሪዎች ወገን ናት። ባሏ ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከም ሞተባት፤ እሷም ዳቦ እየጋገረች ልጇን አሳደገች። የማይበላ ነገር መትከል ለእሷ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው።

ሴድሮኑን ያመጣው ሌአንድሮ ኢቱራልዴ ነው። ኢቱራልዴዎች አደባባዩ ላይ ያለው የባለ ሁለት ፎቁ ቤት ባለቤቶች ናቸው፤ የከብታቸውን ብዛት እነሱም በደንብ አያውቁት። የሌአንድሮ እናት ዶኛ ኤርሚንያ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ቄሱ ሳይቀር ጉሮሮውን የሚጠርግላቸው ሴት ናቸው። እንግዲህ የእኚህ ሴት አንድያ ልጅ ዳቦ ሊገዛ በእግሩ ወደ ወደቡ ሰፈር ሲወርድ ሰው ምን እንዳለ አይጠየቅም። «እነ ኢቱራልዴ ቤት ሠራተኛ አለቀ እንዴ?» ይባባሉ ጀመር። ሌአንድሮ ግን በየጠዋቱ መጣ። የትናንቱ ዳቦ ሳይነካ ቤት ተቀምጦ እያለም መጣ።

አንድ የመስከረም ጠዋት ሥር ያወጣች ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ከች አለ። አንዷን ቅጠል በጣቱ አሸት አድርጎ አፍንጫዋ ሥር ያዘላት።

«ሎሚ!» አለች።

«ሴድሮን ነው። ማቴ ውስጥ የሚጨመር።»

«እኛ የማቴ ሻያችንን የምንጠጣው በስኳር ነው።»

«እናንተ ጀርመኖች ደግሞ ስለ ማቴ ምን ታውቃላችሁ!» ሳቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝማ። እኛ ቤት የድሮ ወግ አለ። ሰው ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቅ ሲሄድ ልጅቷ በአፏ አትመልስም። ማቴ ታፈላለች፣ የሚጠጣበትን ቅል ታቀብላለች። ራሷ ያበቀለችውን እርጥብ የሴድሮን ቅጠል ከጨመረችበት እሺ ማለቷ ነው። እናቴ ሞታ ትገኛለች እንጂ ከዚህ ወግ አትወጣም። አንዴ ሴድሮኑን ከቀመሰች ደግሞ፣ የፈለገ ብትጠላ፣ ቃሏን አታጥፍም።»

«እና ይሄን እኔ ላብቅል?»

«ሌላ ማን ያብቅልልኝ? እንዳታደርቂብኝ ብቻ።»

ኦቲሊያ ቅርንጫፏን ተቀበለች። እጇ ሊጥ ነበር፤ ሊጡ የእሱንም ጣቶች ነካ። ሁለቱም ለመጥረግ አልቸኮሉም።

ጀማሪ መቼም ጀማሪ ነው። መጀመሪያ የስብ ጣሳ ውስጥ ተከለችው። ጣሳው ቀዳዳ ስለሌለው ውሃው ሥሩ ላይ ቆመና ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ሌአንድሮ ገልብጦ በሚስማር ቂጡን በሳሳላት። ቀጥላ ጥላ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ፀሐይ ፍለጋ እየተንጠራራ ቀጠነ። «ጫፍ ጫፉን ቀንጥቢው፣ ያኔ የጎን ቅርንጫፍ ያወጣል» ቢላት «የሕፃን ጣት ቁረጪ በለኛ!» ብላ አኮረፈችው። በመጨረሻ እጇን ይዞ አብረው ቀነጠቡት። እውነትም ጎን አወጣ። ከዚያ ወዲህ ፍቅራቸው በዚያ ጣሳ ዙሪያ ሆነ። ሁለቱም ጎንበስ ይሉና ትል ፍለጋ ቅጠል ይገላልጣሉ፤ ትሉን ግን ማንም አግኝቶት አያውቅም።

እኔ ጎረቤታቸው ደግሞ ከግቢዬ ቶሮንሂል ነቅዬ ሰጠኋት። እሱም ሎሚ ሎሚ የሚል፣ እንደ ናና መሬት ለመሬት የሚሄድ ተክል ነው። ያለ ማንም እርዳታ ጥጋጥጉን ወረረው። ሴድሮኑ ግን ቅንጡ ነው፤ ፀሐይ ይፈልጋል፣ ከነፋስ መከለል ይፈልጋል። ኦቲሊያ ጣሳውን ጠዋት ወዲያ፣ ከሰዓት ወዲህ ስትጎትት ትውላለች። ጥር ላይ ደቃቅ ነጭ አበባ አወጣላት። ዶኛ ካታሊና ሊጥ እያሸች በጎን ታያትና «ለዳቦው እንዲህ ብትጨነቂ ኖሮ ዛሬ እኛም አደባባዩ ላይ ነበርን» ትላለች።

ወሬው ዶኛ ኤርሚንያ ጆሮ ሲደርስ ሚያዝያ ነበር። አልጮኹም። ልጃቸውን ሰሜን ወዳለው የአጎቱ መሬት ከብት ሊያይ ላኩት፤ ሌአንድሮም ሄደ። እናቱን እምቢ ብሎ አያውቅም፤ ዝም አይነቅዝም እየተባለ ያደገ ልጅ ነው። «ስናፍቃት እሺ ትላለች፤ መሄዴ ለእኛው ነው» አላትና ግንባሯን ስሟት ባቡር ተሳፈረ። ኦቲሊያም አመነችው። ለወደደ ሰው ማመን አይከብድም።

ሰኔ ላይ፣ በእኛ አገር ብርዱ በሚገባበት ወር፣ ውርጭ ወረደ።

በማግስቱ የሴድሮኑ ቅጠል ጠወለገ። ከዚያ ቡናማ ሆነና እየረገፈ ግቢውን ሞላው። ኦቲሊያ ውሃ ጨመረችለት። ጆንያ አለበሰችው። ምድጃው አጠገብ አስገብታ አሞቀችው። ብቻዋን ስትሆን ጎንበስ ብላ «እባክህ» እስከ ማለት ደርሳለች። ምንም የለም፤ ጭራሮ ሆኖ ቀረ።

«ሞቷል ልጄ» አለቻት እናቷ አንድ ጠዋት፣ ምድጃ እያነደደች። «ሬሳ ውሃ አይጠጣም። ወዲህ በይው፣ እሳት ይሁነን።»

ኦቲሊያ ራሷ ነቀለችው፤ ራሷ ሰባብራ እሳቱ ውስጥ ከተተችው። የዚያን ዕለት ዳቦው ሎሚ ሎሚ ሸተተ። የመጣው ደንበኛ ሁሉ «ዛሬ ደግሞ ምን ጨመራችሁበት? እንዴት ይጣፍጣል!» ይላል። እሷ ጓዳ ገብታ ዱቄት በነካው እጇ ፊቷን ሸፍና ቆመች።

ይሄ ለሌአንድሮ እንዴት ይጻፍ? «አደራህን ገደልኩት» ተብሎ እንዴት ይጻፋል? ሐምሌ ላይ ብዕር አነሳችና «ሴድሮኑ ለምልሟል፤ ትከሻዬ ደርሷል፤ ስታየው አታምንም» ብላ ላከች። እስኪመጣ ሌላ አብቅዬ አደርስ ይሆናል ብላ ነው። መልሱ ቶሎ መጣ። «ጎሽ የኔ አትክልተኛ! እናቴን አሳመንኳት። ነሐሴ አጋማሽ እሁድ አብረን እንመጣለን። አንቺ ምንም እንዳትናገሪ፤ ቅሉ ይናገርልሽ።» ደብዳቤውን ደረቷ ላይ ይዛ መጀመሪያ ዘለለች። ቀጥሎ ጣሳው ወደነበረበት ጥግ አየችና እዚያው ቁጭ አለች።

ደረቅ ሴድሮን መድኃኒት ቤቱ ይሸጣል፤ እሱ ግን ለሆድ ቁርጠት ነው እንጂ ለጋብቻ አይሆንም። እርጥቡን ከሰው እንዳትጠይቅ፣ በዚህ ከተማ ሴድሮን መለመን «ልዳር ነው» ብሎ ደወል መደወል ነው። ብታገኝስ? ራሷ ያላበቀለችውን ይዛ በዶኛ ኤርሚንያ ፊት ልትቆም? የሰው ቅጠል ይዞ እሺ ማለት መስረቅ መሰላት። እኔም ጎረቤቷ ሆኜ የሰማሁት ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ይህችን ልጅ ክረምቱን ሙሉ ያሰቃያት የገዛ እጇ ነበር፤ እያየችው ትጠላው ነበር።

እሁድ ደረሰ። ዶኛ ኤርሚንያ ጥቁር ለብሰው፣ ጓንታቸውን ሳያወልቁ፣ ቤቱ ባለው ብቸኛ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሌአንድሮ በሩ አጠገብ ቆመ። ፀሐይ አጥቁሮታል። ኦቲሊያን ሲያይ ፈገግ አለ፤ ወዲያው ግን ዓይኑን እጁ ላይ ወዳለው ባርኔጣ መለሰ። ዓይን አፋርነት መሰላት፤ አንጀቷን በላው።

ጓዳ ገባች። ውሃው እየሞቀ ነው፣ እጇ ባዶ ነው። ግቢ ውስጥ በዚያ ብርድ አረንጓዴ ሆኖ የቆየው ቶሮንሂሉ ብቻ ነበር። አንድ እፍኝ ቀጠፈች። ይሄም ሎሚ ይሸታል፤ ሌአንድሮ ሲቀምሰው እንደቸገረኝ ይገባዋል፤ እሱ ይናገርልኛል አለች በልቧ። ቅሉን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች።

ዶኛ ኤርሚንያ የብረት መምጠጫውን ወደ ከንፈራቸው አስጠግተው አንዴ ሳቡ። ከዚያ ቅሉን ለልጃቸው አቀበሉት።

«ቶሮንሂል ነው» አሉ። «ቶሮንሂል ያቀረበች ልጅ 'ሐዘንህ ያሳዝነኛል' ማለቷ ነው። በጨዋ ደንብ እምቢ ብላሃለች ልጄ። ደግ ልጅ ናት፣ አላዋረደችህም።»

ኦቲሊያ ይህን ከየት ታውቃለች? ሌአንድሮ ስለ ሴድሮን እንጂ ስለ ቶሮንሂል ነግሯት አያውቅም። ልትናገር አፏን ከፈተች። «ትከሻዬ ደርሷል» ብላ የጻፈችው ውሸት ትዝ አላትና መልሳ ገጠመችው። ዓይኗን ወደ ሌአንድሮ ላከች። «ኦቲሊያ፣ የእውነትሽን ነው?» ቢላት በቂ ነበር። ሌአንድሮ ማቴውን እስከ መጨረሻው ጠጣ፤ ቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ እናቱን ክንዳቸውን ደግፎ ወጣ።

«ምነው ልጄ፣ ምላስሽ ታሰረ?» አለች ዶኛ ካታሊና በሩ ሲዘጋ። ኦቲሊያ ቅሉን ከጠረጴዛው አነሳች። የሄዱበትን በር እያየች፣ ማንም ሳይነካት ሰውነቷ ሁሉ ተደብድቦ እንዳደረ ሰው አመማት።

ማክሰኞ ከሰዓት ሻርፗን ደርባ ወደ አደባባዩ ወጣች። ይቅርታ ልትጠይቅ ነው። መንገዱን ሙሉ ስታጠናው ሄደች፦ ዋሽቼሃለሁ፣ ገድዬዋለሁ፣ መልሴ ግን እሺ ነበር። ዳቦ ጋጋሪ የፊት ለፊቱን በር አታንኳኳም፤ በጓሮ ዞረች። በሩ ክፍት ነበር። ዶኛ ኤርሚንያ ሽርጥ አድርገው፣ የአትክልት መቀስ ይዘው፣ በግድግዳው ጥግ በተደረደሩ ማሰሮዎች ፊት ቆመዋል። በማሰሮዎቹ ውስጥ ጭራሮ ብቻ ነው ያለው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶኛ ኤርሚንያ። ሌአንድሮን ፈልጌ ነበር።»

«ሌአንድሮ ወጣ ብሏል። ለእኔ ንገሪኝ።»

ኦቲሊያ ነገረቻቸው። ያጠናችው ሁሉ ተደበላለቀባት። «በእጄ ደረቀብኝ። ሰኔ ላይ ሞተ፤ ነቅዬ አነደድኩት። ሌላ ስላልነበረኝ ነው ቶሮንሂል የጨመርኩት፤ ትርጉሙን አላውቅም ነበር። እምቢ አላልኩም። እምቢ ብዬ አላውቅም።»

«አነደድሽው?» አሉ ዶኛ ኤርሚንያ። ድምፃቸው ውስጥ እውነተኛ ሐዘን ነበረ፤ ሐዘኑ ለተክሉ ነው። «ነይ ወዲህ።»

አንዱን ጭራሮ ያዙና ልጡን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። ከሥሩ እርጥብ አረንጓዴ ብቅ አለ።

«ይሄ የሞተ ይመስልሻል? ሴድሮን ክረምት ሲገባ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። መስከረም ላይ ይነሳል። በነሐሴ እርጥብ የሴድሮን ቅጠል በዚህ ከተማ ከማንም ቤት አታገኚም፤ ከእኔም ቤት።»

ኦቲሊያ ጭራሮውን በጣቷ ነካች። «ታዲያ... እሁድን...»

«እሁዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አልደብቅሽም። ልጄ አላስቀምጥ ሲለኝ እሺ እንሂድ አልኩ፣ ግን በነሐሴ። እኔ ብከለክለው ዕድሜ ልኩን ይረግመኛል። ልጅቷ እምቢ ካለችው ግን ማንን ይረግማል? እናት ስትሆኚ ይገባሻል።»

ክፉ ናቸው፤ እንዲያውም ክፉ የሚለው ቃል ያንሳቸዋል። ቢሆንም ዓይናቸውን አላሸሹም። ኦቲሊያ ይህን በኋላ ስትነግረኝ እንኳ በእሳቸው ብዙ አልተናደደችም። የሚቀጥለውን ለመጠየቅ ግን የሻርፗን ጫፍ መጨበጥ ነበረባት።

«ሌአንድሮስ ያውቃል? ነሐሴ ላይ ቅጠል እንደማይኖረው?»

«እዚህ ጓሮ ነው ድኾ ያደገው» አሉ ዶኛ ኤርሚንያ፣ ወደ መቀሳቸው እየተመለሱ።

ወጣች። እንዴት እንደወጣች አታውቀውም። በግንቡ ጥግ ስትታጠፍ ሌአንድሮ ከፈረስ ቤቱ በኩል ሲመጣ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ፊቱ በራ።

«ኦቲሊያ! እንኳን መጣሽ፤ እኔ ራሴ ልመጣ ስል...»

«ሐምሌ ላይ ለምልሟል ብዬ ስጽፍልህ ምን አልከኝ?»

ሌአንድሮ ባለበት ቆመ።

«ጎሽ የኔ አትክልተኛ አልከኝ። ሐምሌ ላይ! ውሸቴን እንደሆነ እያወቅህ። 'አልሞተም፣ ተኝቶ ነው፣ እንዳትነቅዪው' ብለህ አንድ መስመር ብትጽፍ ምን ይጎድልብህ ነበር? እኔ እኮ እዚህ ገደልኩት ብዬ ሳለቅስ ነው የከረምኩት።»

«መጀመሪያ ሳቄ መጣ። እንዳይከፋኝ ብለሽ መዋሸትሽ ደስ አለኝ፤ ማርያምን። ከዚያ እናቴ ነሐሴ ካልሆነ ጨርሶ አልሄድም አለች። ምን ላድርግ?»

«ልትነግረኝ ነዋ!»

«ብነግርሽ በአፍሽ ትናገሪ ነበር። ብትናገሪ ደግሞ ወጉ ፈረሰ ብላ ተነስታ ትሄዳለች። አንድ መላ ታገኛለች ብዬ ነው። አንቺ ብልህ ነሽ።»

«ብልህ ነሽ ብለህ እጄን አስረህ ወንዝ ከተትከኝ።» «እሺ፣ እሁድስ? በሩ ላይ ቆመህ ያን ቅል ስትጠጣ? እምቢ እንዳላልኩ አላወቅህም?»

«አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ምን ተሰማህ?»

ሌአንድሮ መሬት መሬት አየ። ዋሽቶ ቢሆን ምናልባት ይሻለው ነበር። «ቀለለኝ» አለ። «ለአንድ አፍታ ነው ኦቲሊያ። ከእሷ ጋር መጣላት ቀረልኝ ብዬ ቀለለኝ። ቤት ስገባ ግን አለቀስኩ። እናቴ አልጋዬ ላይ ሳለቅስ አግኝታኛለች፤ ጠይቂያት።»

«እንባህን ይዘህ ወደቡ ድረስ መውረድ አቃተህ?»

ሌአንድሮ እጇን ያዘ፤ እሷም አልከለከለችውም። ያ እጅ አንድ በጋ ሙሉ ከእጇ ጋር አፈር የነካ እጅ ነው፤ ቢጨብጣት ሰውነቷ አሁንም ሞቀ። ራሷን ታዘበችው።

«መስከረም እኮ ደረሰ» አለ ሌአንድሮ፣ ዝምታዋን እንደ ምሕረት ቆጥሮ። «ሁሉም ያቆጠቁጣል። ሌላ ቅርንጫፍ አመጣልሻለሁ፤ አሁን ጎበዝ ሆነሻል፣ አይደርቅብሽም። እናቴም እስከዚያ ትበርዳለች። በሚመጣው በጋ...»

«ሌአንድሮ፣ እናትህ እዚህ ግንብ ሥር ናት።» ኦቲሊያ በለሆሳስ ተናገረች። «አሁን አብረን እንግባ። 'ኦቲሊያ እሺ ብላለች፣ እኔም እፈልጋታለሁ' በላት። አጠገብህ እቆማለሁ። ብትሰድበን አብረን እንሰደባለን፤ ብታባርረን አብረን እንባረራለን፤ ዳቦ መጋገር አስተምርሃለሁ። የሚክሰኝ ነገር ይሄ ብቻ ነው። ሌላ አልጠይቅህም።»

ሌአንድሮ ቀና ብሎ ግንቡን አየ። ከማዶ መቀሱ ሲቆርጥ ይሰማል። አንድ እርምጃ ወደ በሩ ተራመደ። እውነቱን እንናገር፣ ተራምዷል። ኦቲሊያም ትንፋሿን ዋጠች፤ ያቺ አንድ እርምጃ ክረምቱን ሙሉ ያለቀሰችውን ልታስረሳት ነበር። ከዚያ መቀሱ ቆረጣውን አቆመ። ሌአንድሮም አብሮ ቆመ፤ እጁ እጇ ውስጥ ላብ አላበው።

«ዛሬ አይሆንም» አለ በሹክሹክታ። «ዛሬ ተቆጥታለች።»

ኦቲሊያ እጇን አወጣች። አልጮኸችበትም፤ አልሰደበችውም። ስሙን ጠርቶ አንድ ሁለቴ ተከትሏት ነበር። መንገዱ ወደ ወደቡ ማዘቅዘቅ ሲጀምር ድምፁ ቀረ።

ቤት ስትገባ እናቷ የማታውን ሊጥ እያሸች ነበር። ቀና ብላ አየቻት።

«ምን አለሽ?»

«ዛሬ አይሆንም አለኝ።»

«ነገስ?»

«ነገን አልጠየቅሁትም እማ።»

ዶኛ ካታሊና እጇን በሽርጧ ጠርጋ መጣችና ልጇን ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። እንዲህ ያለ ነገር አታዘወትርም፤ ፀጉሯን ስታሻሽም እንደ ሊጡ ጠንከር አድርጋ ነው። «በቃ እንግዲህ ጥዪውና ይውጣልሽ» አለቻት። «የማይረባ ሰው መጥላት ምን ይከብዳል?»

«እሱ ነው ያቃተኝ» አለች ኦቲሊያ። ያን ጊዜ ነው፣ ከእሁድ ጀምሮ ይዛው የቆየችው እንባ የመጣው። አሁንም ትወደው ነበር።